አቶ ደረጄ የጠቆሙት ሁሉ

ለአካባቢያችን ልማት ከተከፈሉ መሥዋዕትነቶች ሁሉ የጠቋሚ ጣትን ያህል የተዘነጋ የለም። ስለ እጅ ብዙ ተብሏል፤ ክንድም አልተረሳም። አንዲት ጣት ግን ከጓደኞቿ ተለይታ ተነሥታ፣ በዚያ ፀሐይ ሳትታጠፍና ሳትንቀጠቀጥ፣ ፎቶ አንሺው «ይበቃል» እስኪል ድረስ አየር ላይ ስለምትቆምበት ትዕግሥት እስካሁን አንድም ሪፖርት አልተጻፈም። ከዚህ በታች ያለው ይህንን ክፍተት ለመሙላት በአክብሮት የቀረበ ነው።

ነገሩ የሆነው ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ በአንድ ጽሕፈት ቤት ነው። የጽሕፈት ቤቱን ስም የማንጠቅሰው ለመደበቅ ብለን አይደለም፤ ስሙ ረጅም ነው። በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ ራሱ በሦስት መስመር ጽፎት ቦታ ስላነሰው የመጨረሻውን ቃል በነጠብጣብ ትቶታል። የሥራ ድርሻውም እንደ ስሙ ሰፊ ነው። ውሃ ያለበትን ቦታ ይጎበኛል፤ ውሃ የሌለበትንም ይጎበኛል፤ በሁለቱ መካከል ስላለው ልዩነት ደግሞ በየሦስት ወሩ ሪፖርት ያቀርባል።

ኃላፊው አቶ ደረጄ ናቸው። ረዘም ያሉ፣ ጠይም፣ ሰው ሁሉ በሸሚዝ በሚቃጠልበት ቆላ ኮታቸውን የማያወልቁ ሰው ናቸው። መስክ ወጥተው ያልጠቆሙበት ቀን የለም። ቦይ ካለ ቦዩን፣ ቦይ ከሌለ የሚቆፈርበትን፣ የሚቆፈርበት ካልታወቀ አድማሱን ይጠቁማሉ። ጣታቸው ስትነሣ አጃቢዎቻቸው አንገታቸውን ወደዚያው ያዞራሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ብቻ ይረሳና ካሜራውን ያያል።

ይህን ሁሉ የምናውቀው ሄኖክ ስለሚያውቀው ነው። ሄኖክ ፎቶ አንሺ ነው። ስቱዲዮው ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ውስጧ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ፣ አንድ በርጩማና ምስማር ላይ የተሰቀለ ጥቁር ኮት አለ። የከተማው ወንድ ጉርድ ፎቶ ሲነሣ የሚለብሰው ያንኑ ኮት ስለሆነ፣ መታወቂያው ሲታይ የሸዋ ሮቢት ወንድ በሙሉ በአንድ ቀን የተዳረ ይመስላል። ክፍሏ የቆመችው በጊዜያዊ ፈቃድ ነው። ጊዜያዊ ፈቃዱ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። በየዓመቱ የሚያድሰው ያው ስመ ረጅሙ ጽሕፈት ቤት ነውና ሄኖክ ሲጠሩት ይሄዳል፣ «አንሣ» ሲሉት ያነሣል፣ «ድገም» ሲሉት ይደግማል። ሌላ የሥራ ቦታ የለውም። ሚስቱና ሁለት ሴት ልጆቹ በልተው የሚያድሩት ከዚያች ክፍል በሚወጣው ነው። ፈቃዱ አንድ ዓመት ቢዘለል ሄኖክ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መንገድ ላይ መቆሙ ነው።

ሰውየው አንድ ጠባይ አለው፤ ይቆጥራል። ለጽሕፈት ቤቱ ያነሣቸውን ፎቶዎች አንድ ክረምት ተቀምጦ አንድ በአንድ ሲያያቸው፣ በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሁለቱ ላይ ጣት አገኘ። ቆጥሮ ሲጨርስ ሌላ ነገር አስተዋለ። ጣቷ የምትጠቁመው ነገር አንዱም ፎቶ ላይ የለም። ክፈፉ በሰው ስለሚሞላ የተጠቆመው ነገር ሁልጊዜ ውጭ ይቀራል። ሄኖክ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጣት ሲያነሣ ኖሮ ምን እንደሚታይ አንድ ቀን ዞር ብሎ አለማየቱ ራሱን አስገረመው።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለስ ካሜራውን አንሥቶ በባጃጅ፣ ባጃጁ ከማይደርስበት በእግሩ መሄድ ጀመረ። አቶ ደረጄ ቆመውበት የነበረውን ቦታ ከአሮጌው ፎቶ እያመሳከረ ይፈልጋል። እግራቸው ባረፈበት ይቆማል። ካሜራውን በጣታቸው ከፍታ ላይ ያደርግና ጣቷ ታሳይ የነበረውን ያነሣል። ማንም አላዘዘውም፤ ማንም አልከፈለውም። ሚስቱ ሕይወት ግን አንድ ሁለቴ ጠይቃዋለች። «ሰው በእሑድ ቀን ዘመድ ይጠይቃል፤ አንተ ባዶ ሜዳ ትጠይቃለህ» አለችው።

ሜዳው ሁሉ ባዶ ነበር ማለት ግን ስም ማጥፋት ይሆናል። አንደኛው ቦታ ላይ የውሃ መሳቢያ ሞተር ነበር፤ ከመጣበት ፕላስቲክ ሳይወጣ ተርብ ቤት ሠርቶበታል። ሌላው ቦታ የችግኝ ጣቢያ ነበር፤ እዚያም ከተተከለው ሁሉ የጸደቀ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም «የችግኝ ጣቢያ» የሚለውን ሰሌዳ የተሸከመው እንጨት ነው። ቅጠል አውጥቷል። ሄኖክ ያንን እንጨት ከአሥር ማዕዘን አነሣው፤ የጠዋትና የቀትር ብርሃን በቅጠሉ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ሁለት እሑድ ተመላለሰ። የቆላ ፀሐይ ከየት ሲመጣ ነገርን እንደሚገልጥ፣ ከየት ሲመጣ እንደሚያጠቁር በደንብ የተማረው ያኔ ነው።

ትልቁን ነገር የተማረው ግን ወደ ጀውሃ አቅራቢያ በሄደበት እሑድ ነው። እዚያ አቶ ደረጄ የከብት ውሃ ማጠጫ ገንዳ የሚሠራበትን ቦታ ጠቁመው ነበር። ሄኖክ በቦታው ቆሞ ካሜራውን ቢያነሣ፣ ገንዳው ድንጋያማ ጉብታ አናት ላይ ተሠርቶ፣ ደርቆ፣ ውስጡ ፍየሎች ተኝተውበት አገኘ። ወንዙ ከታች፣ ዛፎቹ መካከል ይታያል። ማሾ ሲያርሙ የነበሩ አንድ አዛውንት ቀና ብለው አዩትና ወደ እሱ መጡ። ጋሼ ለማ ይባላሉ።

«የጣቱ ሰውዬ ፎቶ አንሺ አይደለህም?» አሉት።

«ነኝ፣ ጋሼ።»

«እንግዲህ ጉድህን እየው።»

ጋሼ ለማ ነገሩን ሲተርኩለት፣ ገንዳው ከወንዙ ዳር እንዲሠራ ሽማግሌም ባለሙያም ተስማምተው ነበር። ፎቶው ሊነሣ ሲል ግን አቶ ደረጄ ጠምቷቸው፣ ጉብታው ላይ መኪናውን አቁሞ የነበረውን ሾፌር የታሸገ ውሃ እንዲያመጣ በጣታቸው ጠሩት። ፎቶው በዚያች ቅጽበት ተነሣ፤ ተላከ። ከሦስት ወር በኋላ ግንበኞች ፎቶውን ይዘው መጡ። አንደኛው አቶ ደረጄ በቆሙበት ቆመ፤ ሌላው ጣቷ ባሳየችው አቅጣጫ እየተራመደ ጉብታው አናት ሲደርስ ችካል ተከለ።

«ውሃው እኮ ታች ነው አልናቸው» አሉ ጋሼ ለማ። «ፎቶው ላይ ወደ ላይ ነው የሚያሳየው አሉን።»

«ከብቱስ ምን ሆነ?»

«ከብቱማ ፎቶውን አላየ፤ ወንዝ ይወርዳል።»

ሄኖክ አልሳቀም። ያንን ፎቶ ያነሣው እሱ ነው። ወደ ቤቱ ሲመለስ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ ነገሩን አሰበው፤ የጽሕፈት ቤቱም አሠራር ወለል ብሎ ታየው። በጀትና ቦታ የሚወስኑት የበላይ አካላት ያሉት ደጋ ላይ፣ ከጣርማ በር ዋሻ ማዶ ነው። የከተማው ሰውም «ከዋሻው በላይ ያሉት» ይላቸዋል። ሙቀቱ ስለማይስማማቸው ከዋሻው በታች አይወርዱም፤ ሪፖርቱ ስለሚረዝምም አያነቡትም። ፎቶ ግን ያያሉ። ስለዚህ ጥናት ቢጠና፣ ሽማግሌ ቢመክር፣ ቃለ ጉባኤ ቢያዝ፣ በመጨረሻ የሚሠራው ጣቷ ያረፈችበት ነው። ሄኖክ ይህን ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጽፎ ቀን ጻፈበት። እንደዚህ እያለ፣ ከየቦታው አንድ አንድ እየመረጠ፣ ሠላሳ ሰባት ፎቶ ሞላው፤ ለማንም አላሳየም።

በዚህ መካከል አቶ ደረጄ ለሦስት ቀን ሥልጠና ሄዱ።

ሥልጠና ላይ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ጉዳት የለውም። በዚህኛው ግን አንድ ያልተጠነቀቀ አሠልጣኝ እውነት ተናገረ። ፎቶ አንሺ ማንም ሳያዘው ለገዛ ራሱ የሚያነሣው ፎቶ ለደንበኛው የሚያነሣውን ያሻሽለዋል፤ ብቻውን ሲሠራ ዓይኑ ይነቃል፤ ያየውንም ይዞ ወደ ሥራው ይመለሳል አለ። አቶ ደረጄ ይህን ጽፈው ሁለት ጊዜ አሠመሩበት። ሲመለሱም «ማንም ሳያዘው» የሚለው ሐሳብ ተፈጻሚ እንዲሆን በአስቸኳይ ትእዛዝ አወጡ።

የደብዳቤው ርዕስ እንዲህ ይላል፦ «ማንም ሳያዛችሁ የሠራችሁትን የፈጠራ ሥራ እንድታቀርቡ ስለማዘዝ።» ከሥሩም «ከጽሕፈት ቤታችን ጋር የምትሠሩ የፎቶግራፍ ባለሙያዎች በሙሉ በግል ተነሳሽነት ያነሣችኋቸውን ፎቶዎች በአሥር ቀናት ውስጥ ለገምጋሚ ኮሚቴ እንድታቀርቡ እያሳሰብን፣ የግል ተነሳሽነት የሌለው ባለሙያ የቦታ ፈቃዱ የማይታደስ መሆኑን እንገልጻለን» የሚል አለበት። ከጽሕፈት ቤቱ ጋር የሚሠሩት ባለሙያዎች በሙሉ ሄኖክ ነበር።

ደብዳቤውን አስፋልቱን ተሻግራ ያመጣችለት ሩዋይዳ ናት። ሩዋይዳ በጽሕፈት ቤቱ ከፎቶ ሥር የሚጻፈውን የምትጽፍ ባለሙያ ናት። በሥራ ዘመኗ አንድ ቀን ውሸት ጽፋ አታውቅም፤ እውነቱን ታሳጥረዋለች እንጂ። ቦይ ተቆፍሮ ውሃ ካልመጣ «ቦይ ተቆፈረ» ብላ ትጽፍና ነጥብ ታደርጋለች።

«ሄኖኬ፣ ተነሳሽነትህን ይዘህ ቅረብ ተብለሃል» አለችው።

ሄኖክ መሳቢያውን ከፈተና ሠላሳ ሰባቱን ፎቶ ዘረጋላት። ሩዋይዳ ተርቡን አየች፤ ቅጠል ያወጣውን ሰሌዳ አየች፤ ፍየሎቹ ላይ ስትደርስ በርጩማው ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ዓይኗን በሻሽዋ ጫፍ ጠርጋ እንደገና አየቻቸውና ሳቋ ጠፋ። አቶ ደረጄ እነዚህን ቦታዎች ሲጠቁሙ ከተነሡት ፎቶዎች ሥር ያለውን ጽሑፍ የጻፈችው እሷ ናት።

«ወላሂ፣ ይኼን ካዩ ቆርቆሮህን ነቅለው ያሸክሙሃል።»

«ካላሳየሁስ?»

«ያኔም ያሸክሙሃል። በደብዳቤ።»

ጥቂት አሰበችና እንዲያሳያቸው መከረችው። እነዚህ ሰዎች ፎቶ ሲሰጣቸው መጀመሪያ የሚፈልጉት ራሳቸውን ነው፤ ራሳቸውን ካጡ ሌላውን አያዩትም፤ አሥራ አንድ ዓመት አብራ ሠርታለች፤ ታውቃቸዋለች። ሄኖክ አላመናትም፤ ግን ሌላ መንገድ አልነበረውም።

በአሥረኛው ቀን ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ በአቶ ደረጄ ሰብሳቢነት ተሰየመ። ፎቶዎቹ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ። ሄኖክ በሩ አጠገብ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። አባላቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብለው ዞሩ፤ ሕመምተኛ እንደሚጠይቅ ሰው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው። አንደኛው ጥራቱ ጥሩ ነው አለ። ሌላኛው ብርሃኑን አደነቀ። አቶ ደረጄ ግን የችግኝ ጣቢያው ፎቶ ላይ ቆሙ፤ አሥር ጊዜ አዩት።

«ይኼ የት ነው?»

«አምና የጎበኙት የችግኝ ጣቢያ ነው፣ ጋሼ።»

«አላወቅሁትም።»

 ሄኖክ የበሩን እጀታ ያዘ።

«ለምን እንዳላወቅሁት ታውቃለህ?» አሉ አቶ ደረጄ፣ ፎቶውን አንሥተው ወደ እሱ እያሳዩ። «እኔ የለሁበትም።»

ኮሚቴው ነገሩ አሁን ገባው። ሁሉንም አገላብጠው አዩ፤ በእርግጥም ከሠላሳ ሰባቱ በአንዱም ላይ አቶ ደረጄ አልነበሩም። ከረጅም ውይይት በኋላ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፦ «የቀረበው ሥራ ከፍተኛ የፈጠራ አቅም የታየበት ቢሆንም የሚጠቁም አካል ስለሌለው ያልተሟላ ሆኖ ተገኝቷል። ስለሆነም የግል የፈጠራ ሥራው በጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ መሪነት እንደገና እንዲሠራ ተወስኗል። የቦታ ፈቃዱም ሥራው እስኪጠናቀቅ ታግዶ ይቆይ።»

እንደዚህ ሆኖ የሄኖክ የግል ሥራ ሾፌር፣ የጉዞ ፕሮግራምና ሰብሳቢ ያለው ሆነ። የግል ሥራ በመሆኑ በመደበኛ የሥራ ሰዓት እንዳይካሄድ ጥንቃቄ ተደረገ፤ እሑድ እሑድ ሁለት መኪና ሙሉ ሰው ይወጣል። አቶ ደረጄ ከዚህ በፊት ጠቁመውት የነበረውን ቦታ፣ በዚያው እግራቸው ቆመው፣ በዚያችው ጣት እንደገና ጠቆሙ። ገንዳውን ጠቆሙ፤ ፍየሎቹ አልተነሡም። የሰሌዳውን እንጨት ጠቁመው «ይኼ ዝርያ ለአየር ንብረታችን ይስማማል» ብለው መመሪያ ሰጡ። ሞተሩን ለመጠቆም ጠጋ ሲሉ ተርቦቹ ወጡ፤ በጽሕፈት ቤቱ ታሪክ ጣቷ ፎቶ አንሺው ሳይፈቅድ የወረደችው ያን ቀን ብቻ ነው። ዐቢዩ ለውጥ በጽሑፉ ላይ ታየ። ቀድሞ «በመገንባት ላይ ያለ» ይባል የነበረው አሁን «ልዩ ትኩረት የሚሻ» ተባለ። ሩዋይዳ እንደ ልማዷ አልዋሸችም።

ፎቶዎቹ ዋሻውን አልፈው ወጡ፤ ምስጋናም ወረደ። አንድ ኃላፊ በራሱ ተነሳሽነት ሠላሳ ሰባት ችግር ለይቶ በፎቶ ማቅረቡ በአካባቢው ታይቶ እንደማይታወቅ ከዋሻው በላይ ያሉት ጻፉ። ችግሮቹን አስቀድሞ ማን ጠቁሟቸው እንደነበር የጠየቀ አልነበረም። ይልቁንም ይህን መሰል ሥራ ቋሚ እንዲሆን በከተማው «የፈጠራ ማዕከል» እንዲገነባ መፍቀዳቸውን ገልጸው፣ ቦታው ተመርጦ በፎቶ እንዲላክላቸው አዘዙ።

አቶ ደረጄ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አስፋልቱን በእግራቸው ተሻግረው ሄኖክ ዘንድ መጡ። ፏፏቴውን አዩ፤ ምስማሩ ላይ የተሰቀለውን ኮት ዳሰሱ።

«ሄኖክ፣ ታሪክ ልትሠራ ነው» አሉት። «ማዕከሉ የሚገነባው እዚሁ ነው። ይህ ሁሉ የተጀመረው ካንተ ስለሆነ፣ ካንተ ቤት ሌላ ቦታ መምረጥ ውለታ መርሳት ይሆንብኛል።»

«ስቱዲዮዬስ፣ ጋሼ?»

«ያድጋል።»

«እንዴት?»

«መጀመሪያ ይፈርሳል። ከዚያ ያድጋል።» ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «ሐሙስ ጠዋት መጥቼ እጠቁመዋለሁ። አንተው ታነሣኛለህ። ደስ አይልም?»

ሄኖክ ደስ ይላል አለ። ከሄዱ በኋላ በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ ደብተሩን አወጣ። ሠላሳ ሰባት ቦታ ተጠቁሟል። ከሠላሳ ሰባቱ ለታሰበለት ነገር የዋለ ስንት ነው ብሎ ቆጠረ፤ ቁጥሩ ለመጻፍ አላስቸገረውም። ሠላሳ ስምንተኛው ላይ ፍየል ይተኛበታል ወይስ ተርብ ይሠፍርበታል የሚለው ብቻ ነበር የቀረው። መለመን አሰበ፤ አቶ ደረጄ የሚለመኑት ስለ ጥፋት እንጂ ስለ ውለታ አይደለም። አቤቱታ መጻፍ አሰበ፤ አቤቱታ የሚቀርበው ለአቶ ደረጄ ነው። በመጨረሻ በሩ ላይ ወጥቶ ቆመና፣ እንደ እሑድ ልማዱ፣ ፀሐይዋን አየ።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አቶ ደረጄ ከነአጃቢዎቻቸው በስቱዲዮው በኩል መንገዱ ዳር ተገኙ። ፀሐይዋ ከጽሕፈት ቤቱ ጣራ በላይ ወጥታለች። አቶ ደረጄ ጀርባቸውን ለጽሕፈት ቤቱ፣ ፊታቸውን ለስቱዲዮው ሰጥተው ጣታቸውን አነሡ። ሄኖክ ካሜራውን ዓይኑ ላይ አደረገ፤ መልሶ አወረደው።

«ጋሼ፣ እንደዚህ ከቆሙ ፊትዎ ይጠቁራል።»

«ምን ያህል?»

«ከኮትዎ አይለይም።»

አጃቢዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አቶ ደረጄ ጣታቸውን ሳያወርዱ አሰቡ።

«ምን ይሻላል?»

«ፀሐይዋ በዚያ በኩል ናት። ወደ እሷ ከዞሩ ፊትዎ ይበራል። ስቱዲዮው ግን ከጀርባዎ ይሆናል።»

ሄኖክ አላሳሳታቸውም፤ ይህ ይመዝገብለት። ብርሃኑ እንደዚያ ነበር፤ ቆሞ ምርጫውን ለባለሥልጣኑ ተወ። መሪ ደግሞ በቦታና በፊት መካከል መምረጥ ያለበት ጊዜ ይመጣል።

«ጣት ጣት ነው» አሉ አቶ ደረጄ። «ዋናው ጽሑፉ ነው።»

ዞሩ። አጃቢዎቹም አብረው ዞሩ። ግንባራቸው አበራ፤ ጣታቸው ተነሣች። ከጣታቸው ትይዩ፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ጽሕፈት ቤቱ ከነአረንጓዴ በሩና ከነሦስት መስመር ሰሌዳው ቆሟል። ሄኖክ እንደ ሌላው ጊዜ ክፈፉን በሰው አልሞላውም። እሑድ እሑድ እንደለመደው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፣ አንድ ወደ ግራ ሄደና ቦታ ለቀቀ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቷና የምትጠቁመው ነገር አንድ ፎቶ ውስጥ ገቡ።

«ይበቃል» አለ።

ከቀትር በፊት ፎቶው ሩዋይዳ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ለረጅም ጊዜ አየችውና ሄኖክን ቀና ብላ አየችው።

«ሄኖኬ፣ እርግጠኛ ነህ?»

«እኔ ያነሣሁት ያየሁትን ነው።»

«እኔም የምጽፈው የማየውን ነው፤ አልሐምዱሊላህ» አለችና ጻፈች፦ «አቶ ደረጄ የፈጠራ ማዕከሉ የሚገነባበትን ቦታ ሲጠቁሙ።» አቶ ደረጄ ሊፈርሙ ሲሉ ፎቶውን ቀረብ አድርገው አዩት። ፊታቸው ያበራል። እንደዚህ አምሮባቸው አያውቅም። ፈረሙና «የግል ሥራው እንዳሻሻለው አያችሁ?» ብለው ለኮሚቴው አሳዩ። የሄኖክም ፈቃድ በዚያው ቀን፣ ቤቱ እስኪፈርስ ድረስ በሚል፣ ታደሰ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ከዋሻው በላይ ደብዳቤ መጣ። የራሳቸውን ጽሕፈት ቤት ለወጣቱ ፈጠራ አሳልፈው ለመስጠት የቆረጡ ኃላፊ በማግኘታቸው ከዋሻው በላይ ያሉት የተሰማቸውን ኩራት በሁለት ገጽ ገልጸዋል። ሕንፃው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንዲለቀቅ ይላል ሦስተኛው ገጽ። ከደብዳቤው ጋር ግንበኞች ፎቶውን ይዘው ደረሱ። አንደኛው አቶ ደረጄ በቆሙበት ቆመ፤ ሌላው ጣቷ ባሳየችው አቅጣጫ እየተራመደ አስፋልቱን ተሻገረና አረንጓዴው በር ሥር ችካል ተከለ።

አቶ ደረጄ መጀመሪያ ተቆጡ፤ ቀጥለው ደነገጡ፤ ከዚያ ሩዋይዳን አስጠርተው ስሕተት መኖሩን የሚገልጽ ደብዳቤ እንድታዘጋጅ አዘዟት። ሩዋይዳ ብዕሯን አንሥታ ምን ብላ እንደምትጽፍ በትሕትና ጠየቀቻቸው። «ጣቴ የጠቆመችው ሌላ፣ እኔ ያሰብሁት ሌላ» ልትል? እንዲያ ከተባለ፣ ከዋሻው በላይ ያሉት ሌሎቹንም ፎቶዎች አውጥተው ቢጠይቁስ?  አቶ ደረጄ ደብዳቤው እንዲቀር አደረጉና፣ በመሰናበቻው ቀን ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ሳይሆን መንፈስ መሆኑን የሚያስረዳ የአርባ ደቂቃ ንግግር አሰሙ። ሠራተኛው አጨበጨበ። ግንበኞቹ ከጀርባቸው ሰሌዳውን ነቀሉት።

መንፈሱ ግን ማኅተም፣ አንድ ጠረጴዛና አራት ካርቶን ፋይል ነበረው፤ የሚያርፍበት ጣራ አስፈለገው። በአካባቢው የታደሰ ፈቃድ ያለው ቤት ቢፈለግ የተገኘው አንድ ብቻ ነው። ሄኖክ አላንገራገረም። ጠረጴዛውን በፏፏቴው ሥር አስቀመጡት፤ ፋይሎቹን ኮቱ ከተሰቀለበት ምስማር በታች ደረደሩ። አቶ ደረጄ እስካሁን እዚያው ተቀምጠው ሀገር ያገለግላሉ፤ ባለ ጉዳይ ሲመጣ ከፏፏቴው ፊት ሆነው ይፈርማሉ፤ ጉርድ ፎቶ የሚነሣ ሰው ሲመጣ ደግሞ ከክፈፉ ውጭ እንዲሆኑ ወንበራቸውን ትንሽ ያሸሻሉ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴትዮ ከቀወት ገጠር ለመታወቂያ ፎቶ መጣችና ሁለት ሰው ብታይ የት እንደምትቀመጥ ግራ ገባት። አቶ ደረጄ ከጠረጴዛቸው ቀና አሉ። በርጩማውን ሊያሳዩዋት ጣታቸውን አነሡ።

ሄኖክ ካሜራውን አስቀመጠ። ፈጠን ብሎ መጣና የአቶ ደረጄን ጣት በሁለት እጁ፣ በታላቅ አክብሮት፣ አጥፎ ጠረጴዛው ላይ መለሳት።

«ጋሼ» አላቸው ቀስ ብሎ፣ «እዚህ ቤት በአገጭ ነው የምናሳየው።»